ቃኝቶ ማቀበል

በኪነ ጥበብ ታሪክ የተመዘገቡ ታላላቅ ድሎች ሁሉ መነሻቸው ክቡር ዓላማ ነው። በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት አሰብ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የጊታር ትምህርት የተጀመረበት ክቡር ዓላማ ደግሞ ቬንትሌተር ነበር።

መምህር ይልቃል የስፖርት አስተማሪ ነው። በአሰብ ፀሐይ ሜዳ ላይ ቆሞ ፊሽካ መንፋት ምን እንደሆነ የነፋው ያውቀዋል። ቬንትሌተር ያለው ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ ሆኖ፣ ቬንትሌተሩም መዞር ካቆመ ቆይቷል። ዳይሬክተሩ አቶ ንዋይ በስብሰባ ላይ፣ "በስጦታ የመጣ ጊታር አለ፤ ለሚያስተምር ሰው ያ ክፍል ይለቀቅለታል" ሲሉ የይልቃል እጅ ከራሱ ከይልቃል ቀድሞ ተነሣ።

"ትችላለህ እንዴ?"

"ባንድ ውስጥ ነበርኩ" አለ።

አልዋሸም። በወደብ ሠራተኞች ባንድ ውስጥ ነበር፤ የሥራ ድርሻው ጊታሩን ቃኝቶ ለተጫዋቹ ማቀበል ነው። ጆሮው ለቅኝት የተባረከ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን እሱን አይመለከትም፤ የሌላ ሰው ሥራ ነበር።

ከሚስቱ ከጥላነሽ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ወስዶ ቬንትሌተሩን አስነሣውና ትምህርት ጀመረ። ሙቀቱም ባለውለታው ሆነ። ክሩ ገና ከመቃኘቱ ይረግባል፣ እሱም እንደገና ይቃኛል። ተማሪዎቹም ተራ በተራ ይቃኛሉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ለቀጣዩ ያቀብላሉ።

"ቲቸር፣ መጫወት የምንጀምረው መቼ ነው?" አለችው ከይሪያ፣ ከክፍሉ ጎበዟ።

"መሠረቱን እንጨርስና" አላት፣ ነፋሱ አንገቱ ላይ እየወረደ።

ጥላነሽ ግን በቀላሉ የምትሸነገል አይደለችም። "አንተ ሰውዬ፣ የትምህርት መዝጊያ ዕለት ምን ይውጥሃል?"

"እስከዚያ ክሩ ይበጠሳል።"

"ካልተበጠሰስ?"

"እኔ እበጠሳለኋ።"

የመዝጊያው ዕለት አመሻሽ ላይ ከባሕሩ ነፋስ መጣ። ክሩም፣ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ቅኝቱን ጠብቆ ቀረ። ከይሪያ መድረክ ላይ ወጥታ ቃኘች፤ ጎንበስ ብላም አቀበለች። ቀጣዩም እንደዚያው። ጊታሩ ክፍሉን ሙሉ ዞሮ መጨረሻ ይልቃል እጅ ገባ፤ ሕዝቡም አሁን ይጫወታል ብሎ አንገቱን አሰገገ። ይልቃል ክሩን አየው፤ አልተበጠሰም። ሰበብ ፈልጎ አጣ። እናም የሚያውቀውን አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ከትምህርት ቢሮ ለመጡት የክብር እንግዳ አቀበላቸው።

እንግዳው "አልችልም" ማለት ስላልወደዱ ለአቶ ንዋይ አሳለፉት። አቶ ንዋይም በዚያው ምክንያት ለንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፤ ሠራተኛውም ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"የሕዝብ ንብረት" አሉ እንግዳው በተነካ ስሜት፣ "ማንም ለግሉ ሳይጠቀምበት ከእጅ ወደ እጅ በሥነ ሥርዓት ሲተላለፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ይህ ተሞክሮ አንድ ክፍል ውስጥ ታጥሮ መቅረት የለበትም። መምህር ይልቃል ከመስከረም ጀምሮ ከአሰብ ወዲያ ራሔይታ መንደር ሄደው ያስፋፉታል።"

ይልቃል ወደ ዳይሬክተሩ ጆሮ ጠጋ አለ። "ራሔይታ መብራት አለ?"

"የለም። ጊታር በመብራት ይሠራል እንዴ?"

በማግስቱ የክፍሉን ቁልፍ ሊመልስ ሄደ። አቶ ንዋይ ቢሯቸውን ወደዚያው አዛውረው፣ ሸሚዛቸውን ከፍተው ቬንትሌተሩ ሥር ተቀምጠዋል።

"ይልቃል፣ ይሄ ነገር ትንሽ ይጮኻል። ከመሄድህ በፊት ዘይት ነገር ብታደርግለት።"

ወንበር ላይ ወጣና ቀባው፤ ድምፁ እስኪስተካከል ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ። ከዚያ ወረደና ጎንበስ ብሎ፣ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀበላቸው።