የእህቴ ልጅ ሒሳብ

አስተማሪ የማያውቀው ነገር ላይ ሲደርስ «ይህን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ራሳችሁ አንብቡት» ብሎ ሲያልፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ትህትና እንዳይመስላችሁ። ሌላው ባለሙያ እንዲህ ያለ ማምለጫ የለውም። ሐኪም በሽተኛውን «ይህን ራስህ ስፋው» አይለውም። እኛ ግን እንላለን፤ ተማሪውም ጎንበስ ብሎ ይጽፋል።

እኔ ሮቤ ላይ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ከደብረ ብርሃን ስመጣ ብርዱን ስለማውቀው ወፍራም ኮት ይዤ መጣሁ እንጂ ፕሮባቢሊቲ ይዤ አልመጣሁም። ደግነቱ ምዕራፉ ያለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ትምህርት ደግሞ ሁልጊዜ ከመጽሐፉ ቀድሞ ያልቃል። እንዲያልቅ እኔም እረዳዋለሁ። ዘንድሮ ግን ርዕሰ መምህራችን ምን እንደታየው እንጃ፣ «በየዓመቱ የሚዘለለው ምዕራፍ ይቅደም» ብሎ ቁጭ።

ምን ላድርግ? ተማሪዎቼን «ስልክ ላይ ተጥዳችሁ ሒሳብ አይገባችሁም» እያልኩ ስገስጽ የኖርኩት ሰውዬ ከኢንተርኔት ልማር ተነሳሁ። የቤቴ ኔትወርክ አንድ ቪዲዮ እስኪከፍት የአጎራባቻችን የሲናና ስንዴ ታጭዶ ይወቃል፤ ስለዚህ እንደ ሰዉ ሁሉ የስልኬን ሚሞሪ ይዤ ላስጭን ሄድኩ። ሌላው ዘፈንና ፊልም ያስጭናል፤ እኔ ስታቲስቲክስ። የምትጭንልኝ ሙሚና ናት፤ ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የድሮ ተማሪዬ ናት። ሚሞሪዬን ሳቀብላት አፌ ሳላዘው «ለእህቴ ልጅ ነው» አለ።

እህት የለኝም።

ሙሚና አመነች፤ ወይም ያመነች መሰለች። በሄድኩ ቁጥር «አካም ቡልተን ባርሲሳ?» ብላ፣ እንዴት አደሩ መምህር ማለቷ ነው፣ «የእህትዎ ልጅስ፣ እየገባት ነው?» ትለኛለች። ልጅቷን ጎረቤት ከተማ ጎባ አኖርኳት፤ አስራ አንደኛ ክፍል አስገባኋት፤ ትንሽ ሰነፍ ናት አልኩ። ስንፍናውን እንኳ ስለ ራሴ ስለነበር ውሸት አልለውም።

አንድ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ በሬን ዘግቼ እማራለሁ። የቪዲዮዋ አስተማሪ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። አንድ ጥያቄ አነሳች፤ ሁለት ልጆች ያሉት ቤተሰብ አለ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆኗ ብቻ ተነግሮናል፤ ሁለቱም ሴት የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? «ግማሽ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ብዙ ሰው ግማሽ ይላል፤ ተሳስቷል። ሲሶ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት ሰምቼዋለሁና። ያን ዓመት እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ምዕራፉ ላይ ደርሼ ነበር። ያገሩን ምሳሌ ልስጥ ብዬ ሁለት ጊዜ የወለደች ላም አመጣሁ፤ ከጥጆቿ ቢያንስ አንዷ ሴት ናት አልኩ፤ ሁለቱም ሴት የመሆናቸውን ዕድል «ግማሽ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት የገበሬ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሲሶ ነው። ሴት ሴት፣ ሴት ወንድ፣ ወንድ ሴት፤ የቀረን ሦስት ነው። የጎረቤቶቻችንንም ላሞች ቆጥሬ አይቻለሁ» አለች። «ሒሳብ በረት ውስጥ አይሠራም፤ ቁጭ በይ» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጅቷ ሙሚና ነበረች። ሒሳብ አጥንቼ አስተማሪ እሆናለሁ ትል ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን ስታወጣ አላየሁም። አፈርኩ። ብቻዬን ቤቴ ተቀምጬ፣ ስልክ ፊት፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ አፈርኩ።

ሰኞ ጠዋት ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ምን እንደምላት መንገድ ላይ ተለማምጃለሁ። ስደርስ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ አንደኛው የተማሪዬ አባት ነው።

«ምነው ባርሲሳ፣ በጠዋቱ? የእህትዎ ልጅ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ። ከዚያ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። «አንድ ጥያቄ ላይ ግማሽ ነው ብላ ድርቅ ብላ ነበር። ሲሶ መሆኑ አሁን ገባት። ያኔ ትክክሉን የነገረቻት ልጅ ነበረች፤ ሰው አሳቀችባት። በጣም አፍራለች።»

ሙሚና ማሽኑን አቆመችው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ስንት ዓመቷ ነው፣ የእህትዎ ልጅ?»

«አስራ ሰባት።»

«ልጅ ናታ» አለች ቀስ ብላ። «ልጅ ይሳሳታል። ይቅር ብላሻለች ይበሏት። ትልቅ ሰው ቢሆን ግን፣ ወላሂ፣ ራሱ መጥቶ እንዲነግረኝ እጠብቅ ነበር።»

ሰዎቹን አየሁ። እሷን አየሁ።

«እነግራታለሁ» አልኩና ወጣሁ።

ምዕራፉን ዘንድሮ በደንብ አስተማርኩት፤ ሲሶውንም በላሟ አስረዳሁ። ተማሪዎቼ ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ሚሞሪዬን አሁን የማስጭነው ጎባ ድረስ ሄጄ ነው። እዚያ የሚጭንልኝ ሰውዬ ለማን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝ «ለራሴ ነው» ለማለት ተዘጋጅቻለሁ።