ፊንታን ጫማውን ያወለቀ ጊዜ

በየገጠሩ፣ ጉልበቱ «በቃኝ» ያለው፣ እሱ ግን ጉልበቱን ያልሰማ አንድ ሯጭ አይጠፋም። መንደሩ ፖስታ ቤት ላይኖረው ይችላል፤ ሐኪም ላይኖረው ይችላል፤ ይህ ሰው ግን አለ። ሃምሳን ተሻግሯል፣ አርባ ላም ያልባል፣ በውድድር ቀን ከሁሉም ኋላ የሚነዳው የአምቡላንስ ሾፌር በስሙ ይጠራዋል።

የእኛው፣ የአየርላንዷ መንደር የኪልቫራው፣ ክቡር ፊንታን ጌራቲ ናቸው። ክቡርነታቸው... አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ላሞቹ አጥሬን እየጣሱ ጎመኔን የጨረሱብኝን ሰው ከዚህ በላይ ማክበር አልችልም።

ሐኪሙ «ወይ ሩጫውን ተው፣ ወይ ጉልበትህን ቀይር» አለው። ፊንታን ሁለቱንም አልወደዳቸውም። ጥርሱን ሊያስነቅል ወረፋ ሲጠብቅ ባነበበው የቆየ መጽሔት ላይ ሦስተኛ መንገድ አገኘ፤ የሰው ልጅ መከራ ሁሉ ምንጩ ጫማ ነው። የዚያኑ ዕለት ጥርሱን ሳያስነቅል፣ ጫማውን አውልቆ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣን። «እግር ያውቃል!» ይላል። ስለ ዝናቡ ብታነሳበት «እግር ያውቃል!» አንድ ቀን የከብት ሐኪሙ ክንዱን እስከ ትከሻው ላም ውስጥ ከትቶ ጥጃ ሲፈልግ፣ ፊንታን አጠገቡ ቆሞ በተረከዝ ረግጦ መሮጥ ስለሚባለው ታላቅ ስሕተት ግማሽ ሰዓት አስተማረው።

«እግር ያውቃል ስልህ!»

«አገኘሁት፤ አዎ፣ እግር ነው» አለ ሐኪሙ።

ታዲያ እኛ አገር ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ጫማውን የሚያወልቅበት አንድ ምክንያት ብቻ አለ። በሐምሌ መጨረሻ እሑድ፣ ንስሐ የከበደበት ሰው ክሮ ፓትሪክ ተራራን በባዶ እግሩ ይወጣል፣ ኃጢአቱን እዚያው አራግፎ ይመለሳል። ፊንታን የጀመረው በመጋቢት ነው። አራት ወር ቀደም ብሎ! በዚያ ላይ በየቀኑ! በዚያ ላይ እየሮጠ!

«ምን ቢያደርግ ነው?» አለች ብራይዲ ታሊ። ብራይዲ የመንደሩ ባለ ሱቅ ናት፤ ዳቦና ወሬ ትኩሱ የሚገኘው እሷ ዘንድ ነው። «ባለፈው ወር ጎልዌይ ሄዶ ነበር።»

«የማለቢያ ማሽን ጎማ ሊገዛ ነዋ» አልኳት።

«ሁለት ቀን ሙሉ?»

ሐሙስ ሲደርስ ጎልዌይ ውሽማ አለችው ተባለ፤ ስምም ወጣላት። ቅዳሜ ሁለት ልጆች ነበሯት። እኔ የጨመርኩት የጸጉሯን ቀለም ብቻ ነው።

ዕዳው የወደቀው በአትራክታ፣ በሚስቱ ላይ ነበር። አትራክታ የመዘምራኑ መሪ ናት፤ ቀና ብላ የምትሄድ፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ስሟ ንጹሕ። አሁን ግን ጎረቤት ሁሉ የፖም ኬክ እየጋገረ ይወስድላት ጀመር። በኪልቫራ የፖም ኬክ የሚሄደው ሰው ለሞተበት ቤት ወይም ባል ለካደው ቤት ነው። አጥሬን እየጠገንኩ ሳለ (ስንት ጊዜ ይጠገናል አትበሉኝ) ጭቅጭቃቸውን ሰማሁ።

«ሰባት ኬክ፣ ፊንታን! ሰባት! የሞተብን ሰው የለም!»

«ይጣፍጣሉ እኮ።»

«ኑዋላ ዛሬ በመዝሙር ልምምድ መሃል እጄን ይዛ ‹በርቺ፣ ጠንካራ ሴት ነሽ› አለችኝ። ለምንድነው እኔ ጠንካራ የሆንኩት?»

«ጉልበቱን ነው በያቸዋ።»

«ብያቸዋለሁ! ‹አይ ጉልበት!› ብለው አለቀሱልኝ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። «ስማኝ። በደብሩ የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ቀን ሰው ሁሉ ያይሃል። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጫማህን ይዤ እቆማለሁ። ታደርገዋለህ። እምቢ ካልክ መኪናዬን አስነስቼ ስሊጎ እኅቴ ጋ እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ ያወሩት ሁሉ እውነት ይሁንላቸው።»

ፊንታን ሁለት ልብ ሆነ። ሠላሳ ዓመት የተኛው እሷ አጠገብ ነው። ጉልበቱ ደግሞ፣ ለጉድ፣ በእርግጥም ተሽሎት ነበር።

ሊያስተባብል አባ ኮልማን ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ ንስሐ አይደለም። ጉልበቴን ነው።»

«ልጄ» አሉት አባ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው፣ «ሁላችንም ከአንድ ነገር እንጀምራለን።»

ይባስ ብሎ ብራይዲ መንገድ ላይ አስቆመችው። «ፊንታን፣ ከደብሩ ሩጫ በኋላ ባለው ሐሙስ ዳሌዬን ይቀይሩልኛል። መቼም እግርህ ባዶ ነው፤ እግረ መንገድህን ለእኔም አንድ ነገር በልልኝ።»

«ብራይዲ፣ እኔ እኮ የምሮጠው...»

«ፈርቻለሁ፣ ፊንታን።»

ብራይዲ ታሊ ፈርቻለሁ ስትል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በመንደሩ የለም። ፊንታን «እሺ» አለ። ያቺ «እሺ» አጠፋችው። በሳምንቱ ኪሱ ውስጥ ሙሉ ዝርዝር ነበረው፤ ፈተና የሚቀመጥ ልጅ፣ ፅንስ አልይዝ ያለች ጊደር፣ አርጀንቲና የቀረ ወንድም፣ የአውራጃችን የማዮ ቡድን ዘመናት የናፈቀው የኳስ ዋንጫ። ለዋንጫው እንኳን በባዶ እግር፣ በእንብርክክም ቢሆን እንደማይበቃ በጉርብትናዬ ነግሬዋለሁ።

የሩጫው ቀን ደረሰ። ቢጫ ሰደርያ ለብሼ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገድ አሳይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ መንገዱን የሚጠግኑት ሰዎች በዋዜማው አዲስ ጠጠር አልብሰውታል፤ እያንዳንዱ ጠጠር እንደ ተሳለ እርሳስ። አትራክታ አጠገቤ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ጫማውን፣ በሌላው የመኪናዋን ቁልፍ ይዛለች። ብራይዲ ታጣፊ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ሯጩ ሁሉ አለፈ። የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶች አለፉ። ከዚያ አምቡላንሱ ታየ፤ ከፊቱ ፊንታን።

ጠጠሩ ላይ ሦስት እርምጃ ሄዶ ቆመ። እግሩ አዲስ የታረደ በግ ይመስላል።

«ጫማውን ስጪኝ፣ አትራክታ» አለ። «ተሸንፌያለሁ።»

«ፊንታን!» ጮኸች ብራይዲ። «ሐሙስ ነው እኮ!»

ፊንታን ጫማውን አየ፣ ብራይዲን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከንቱ ነገር መሆኑን ያውቃል፤ ከእኛ ሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ግን እንባው ደረሰ።

«አትራክታ» አላት በሹክሹክታ፣ «ዳሌዋን ምን ላድርገው?»

 አትራክታ ጫማውንም ቁልፉንም እኔ ላይ ጣለችብኝ። ጎንበስ ብላ የራሷን ጥቁር ጫማ ፈታች፤ ካልሲዋን ጠቅልላ ውስጡ ከተተች።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«አንተ ብቻህን ከሄድክ አንተ በድለሃል፣ እኔ ተበድያለሁ። አብረን ከሄድን ግን ሁለታችንም አንድ ነገር ሠርተናል።» ክንዱን ያዘችው። «ምን እንደሠራን ሲያስቡ ይክረሙ። ተራመድ!»

ሄዱ። እሱ «ወይኔ!» ሲል እሷ «ኡፍ!» ትላለች፤ የመዘምራን መሪ ናትና ድምፃቸው እንኳ ይገጥም ነበር።  ብራይዲ የምትጨምርበት አንዲት ቃል አጣች።

በዚያ ቀን እኔም ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳቸው ብለው የሚያወሩ አሉ። አትስሟቸው። ጠጠር ገብቶብኝ ነው ያወለቅሁት።

«በሁለቱም እግርህ?» አለችኝ ብራይዲ።

«በሁለቱም» አልኳት።

ታዲያ ጠጠሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ፣ አልወጣልህ አለኝ።