ንፋስ የሚፈራው ጎረቤቴ

ንፋስን እንደ ጅብ የሚፈራ አባት ገጥሟችሁ ያውቃል? የጀሞው ጎረቤቴ ታደሰ እንዲያ ነው። ልጁን ቤቲን ትምህርት ቤት ክፍሏ ውስጥ ሲያስነጥሳትና ሲያስላት ይውላል። ሐኪሙ «አለርጂ ነው፤ ጭስ አይድረስባት» ቢለው እሱ መች ሰምቶ! ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጮኻል፦ «ቲቸር፣ ኧረ መስኮቱን ዝጊልኝ! ልጄን ንፋስ ፈጃት!» ይህን ሲል አሮጌው የናፍጣ መኪናው፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ እዚያው መስኮት ስር ጥቁር ጭሱን ይተፋል።

ሰሞኑን መኪናው ተበላሽቶ ጋራዥ ገባና ልጆቻችንን አብረን በእግር ማድረስ ጀመርን። የቤቲ ማስነጠስም ቆመ። ታደሰ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረቱን ነፍቶ፣ «አላልኩህም? ቲቸር መስኮቱን ዘጋችልኝ፣ ልጄም ዳነች!» አለኝ።

ቀና ብዬ ሳይ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቤቲ በዚያው አንገቷን አውጥታ ተጣራች፦ «አባዬ፣ መኪናውን እንዳታሠራው፣ እሺ?»