ኒውትሮንና የእትዬ አጸደ ወፍጮ

«በዓል በዛብን» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? አጋጥሟችኋል። ምናልባትም እናንተው ብላችሁት ይሆናል። ወሩ ሠላሳ ቀን ነው፤ ከሠላሳው ላይ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ባለ እግዚአብሔርን፣ ሰንበቶቹን፣ በየአጥቢያው የሚነግሠውን ታቦት ሁሉ ስትቀንሱለት ለሞፈርና ለቀንበር የሚተርፈው ቀን ያሳዝናል። እኔ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በክርክር ክበብ ፊት ቆሜ «ያደኸየን በዓል ነው» ብዬ ተከራክሬ አሸንፌአለሁ። የተሸለምኩት አንድ እስክሪብቶ ነበር። እናቴ በምን እንዳገኘሁት ስትሰማ ተቀበለችኝና ጸበል ረጨችበት። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶው አልጻፈም።

ሥራዬ ፊዚክስ ነው። ይህን የምነግራችሁ ልኮራባችሁ አይደለም፤ ያለዚያ ወጉ አይገባችሁም ብዬ ነው። ኒውትሮን የምትባል ደቂቅ ነገር አለች፤ የድንጋዩም የሰዉም እምብርት ውስጥ ትገኛለች። ኤሌክትሪክ አይጠራትም፣ ብረት ብትጋርዱባት አልፋው ትሄዳለች፣ በተራ መስተዋት ፊት ለፊት ልመልሳት ብትሉ አትሰማችሁም። እሷን መንገድ ለማስቀየር አንዱ ዘዴ ሆሎግራም ነው። የብርጭቆ ሰሌዳ ላይ ስስ ፕላስቲክ መሰል ቅብ ትቀባላችሁ፤ ሁለት የሌዘር ጨረሮች ቅቡ ውስጥ ሲገናኙ በዓይን የማይታዩ መስመሮች ይጽፋሉ፤ በአንድ ጠጉር ውፍረት ላይ ከመቶ የሚበልጡ። ኒውትሮኗ በእነዚያ መስመሮች መካከል ስታልፍ ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ፣ ዘወር ትላለች። የዕድሜዬን ግማሽ የበላው ይህ ትንሽ መዞር ነው።

ትምህርቴን ባሕር ማዶ ጨርሼ ስመለስ ወዳጆቼ ሁሉ አብደሃል አሉኝ። ኒውትሮን የሚያፈልቀው ሪአክተር እዚያ፣ መሣሪያው እዚያ፣ አንተ ደብረ ማርቆስ ምን ልትሠራ? እኔም መለኪያው እዚያ ይሁን፣ ሰሌዳውን ግን እኔ አገሬ ላይ እሠራዋለሁ አልኩ። ሁለት ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ ከርሜ በመጨረሻ የሪአክተሩ ሰዎች ከፋሲካ በኋላ የአራት ቀን ተራ ሰጡኝ። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ነገሩኝ፤ ሰሌዳዎቹ በደብረ ማርቆሱ ላቦራቶሪዬ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ባዶ ብርጭቆ ይዤ ብሄድ ተራው ለሌላ ይሰጣል፤ «ከደብረ ማርቆስም ይሠራል» ያልኩትም መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። ለራሴ ስም ግድ አልነበረኝም ብል እዋሻለሁ። ግድ ነበረኝ።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። እነዚያ መስመሮች እስኪጻፉ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ ወለሉ የአንዲትን መስመር ግማሽ ያህል ከተነቃነቀ ጽሕፈቱ በሙሉ ይደበዝዛል። እኔም ጥርብ ድንጋይ በአራት የመኪና ከመነዳሪ ላይ አስቀምጬ ጠረጴዛ ሠራሁ፤ ከመነዳሪው ንዝረቱን ይውጠዋል ብዬ። ብዙውን ዋጠ። የእትዬ አጸደን ወፍጮ ግን መዋጥ አልቻለም።

እትዬ አጸደ ከላቦራቶሪው ግቢ አጥር ጀርባ የናፍጣ ወፍጮ ያላቸው ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚያስተዳድሩት፣ ሞተሩን በድምፁ የሚያክሙ፣ ወረፋ የሚቀድምን ሰው በዓይናቸው ብቻ ወደ ቦታው የሚመልሱ ናቸው። ወፍጮው ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ ማታና እሑድ ሲቆም ደግሞ የእኛ ሕንጻ ይቆለፋል፣ ቁልፉም ከዘበኛው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ሄጄ በእግዜር አልኳቸው። አሥር ደቂቃ ብቻ ያቁሙልኝ።

እትዬ አጸደ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ይህ ሞተር አንዴ ከቆመ ለመነሣት ስንት ልመና እንደሚፈልግ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ከስንት ሰዓት መንገድ ጆንያ ተሸክሞ እንደመጣ ነገሩኝ። ከዚያ፣ አዝነውልኝ መሰለኝ፣ መፍትሔውን ራሳቸው አመጡት። «በማርያም ቀን ለምን አትሠራም? ያን ቀን እኔም አልፈጭም።»

በዓል አደኸየን ብዬ እስክሪብቶ የተሸለምኩት ሰውዬ፣ የዚያኑ ዕለት የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ገዝቼ በዓላቱን በቀይ መክበብ ጀመርኩ።

በጥር ማርያም መብራት ሄደ። በዚያው ወር ባለ እግዚአብሔር ሠርገኛ ከነመኪናው በአጥሩ ሥር ጡሩምባ እየነፋ አለፈ። በየካቲት ሚካኤል አገሩ ሁሉ ቆሞልኝ ሳለ ቅቡ ገና አልደረቀም ኖሯል፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው። እኔ አልተበገርኩም። የተበገረው ስሜ ነው። ዶክተሩ ማርያምን ይሽራል፣ ሚካኤልን ይሽራል፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን ለብሶ ሲሄድ እሱ ቁልፍ ይዞ ይወጣል ተባለ። ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ይጁቤ ገበያ ደረሰ። እናቴ ያለችው ደግሞ ይጁቤ ነው።

በሳምንቱ እዚሁ ከተማ የሚያገለግሉትን የንስሐ አባታችንን አባ ገብረ ሥላሴን አስከትላ መጣች። እሷ አላናገረችኝም፤ በራፉ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባ ግን ጠጋ ብለው ድንጋዩንም ከመነዳሪውንም ዳሰሱና በበዓል ቀን እዚህ ገብቼ የምሠራው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ጨለማ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሳልነቃነቅ እቀመጣለሁ፣ አባ። ትንፋሼንም ቀስ አደርጋለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አባ ድንጋዩን አንዴ ደግመው ዳሰሱት። በኋላም ወደ እናቴ ዞረው፣ ይህማ ሥራ አይደለም፣ እኛ ቅዳሴ ቆመን ይህን ያህል መርጋት ስንቶቻችን እንችላለን አሉ። ቅቡን ግን በዋዜማው ቀብቼ እንዳድር አዘዙኝ፤ ልክ ለሰንበት ወጥ አስቀድሞ እንደሚሠራ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው ነገሩ። እናቴ ባትረካም ነጠላዋን ካፏ አወረደች።

ፈቃዱ ሲገኝ ደግሞ መብራት በፈረቃ ሆነ። በመጋቢት በዓላት ሁሉ ፈረቃው የሌላ ሰፈር ሆነብኝ። ከጉዞዬ በፊት በዓልና መብራት አንድ ላይ የሚውሉልኝ በስቅለት ዓርብ ብቻ ሆነ። አባን ላስፈቅድ ብሄድ ጥያቄዬን አላስጨረሱኝም። በዚያን ቀንስ አይሆንም አሉ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። በዓርብ ጠዋት ገባሁ።

እንደዚያን ቀን ያለ ጸጥታ ደብረ ማርቆስ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ወፍጮ የለም፣ የግንባታ መኪና የለም፣ ባጃጅ እንኳ የለም። ሁልጊዜ ከመጀመሬ በፊት ከጨረሩ ጥቂቱን በሌንስ አስፍቼ ግድግዳው ላይ እጥለዋለሁ፤ ጥቁርና አረንጓዴ ሰንበር ይሠራል። ሰንበሩ ከቆመ ወለሉ ቆሟል ማለት ነው። አየሁት፤ ቆሟል። ጨረሩን በሰሌዳው ላይ ለመክፈት እጄን ስዘረጋ ሰንበሩ ንቅንቅ አለ። ረጋ። ደግሞ ንቅንቅ አለ። ረጋ። በልክ ነው የሚመታው፤ ሞተር እንዲህ አያደርግም። ጆሮዬን ሳቀና ከአጥሩ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን «ኪርያላይሶን» ሰማሁ። ከተማው በሙሉ በአንድነት እየወደቀ እየተነሣ ይሰግዳል።

ቁጭ ብዬ ያንን ሰንበር ለረጅም ጊዜ አየሁት። እናቴ ለስግደት ከይጁቤ መጥታ ነበር፤ ከዚያ ንዝረት ውስጥ የእሷም ጉልበት አለበት። አፈርኩ። ሌዘሩን አጥፍቼ፣ ቆልፌ፣ ሄጄ ከሰው መሐል ገባሁ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰገድኩ። ጉልበት የሌለው ሰው ሲሰግድ እንዴት እንደሚያስቅ ታውቃላችሁ። ከጎኔ እትዬ አጸደ ነበሩ፤ እሳቸው እንደ ሞተራቸው አይደክሙም። በመጨረሻ አባ የወይራ ቅጠላቸውን ይዘው ጀርባችንን መታ መታ እያደረጉ ኃጢአታችንን ሲጠይቁ፣ ጠዋት ልሠራ ገብቼ እንደነበር፣ ግን እንዳልተሳካልኝ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«ያልተሳካ ኃጢአትም ኃጢአት ነው ልጄ» አሉና ሠላሳ ስግደት ጨመሩልኝ።

ፋሲካንና ማግስቱን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ከተማው በሻማ ፈሰከ። ማክሰኞ መብራቱ መጣ፤ ወፍጮውም አብሮ ተነሣ፤ ዱቄት ያለቀበት አገር ሁሉ ተሰለፈ። በረራዬ ሐሙስ ነበር። ተቀብቶ ባዶ የቀረውን ብርጭቆ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት እንደጀመርኩ እትዬ አጸደ ከነዱቄታቸው በራፌ ላይ ቆሙ።

«ዓርብ ለት ሥራህን ጥለህ መጥተህ ሰገድክ። እኔ አሥር ደቂቃ ወፍጮዬን ማቆም ቢያቅተኝ ነውር ነው። ግባ፣ አቆምልሃለሁ።»

አልሆን ቢለኝ ነው የመጣሁት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን የሚያውቁት አባ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በንስሐ የሰሙትን አይናገሩም።

ሞተሩ ቆመ። እትዬ አጸደ ማንም ከጆንያው ላይ እንዳይነሣ፣ አህያም እንዳይጫን አዘዙ። እኔ ጨለማው ውስጥ ሆኜ ሰንበሩን አየሁ። አይነቃነቅም። ከአጥሩ ወዲያ ያ ሁሉ ሰው፣ ስሜን እንጂ ሥራዬን የማያውቅ ሰው፣ ለእኔ ብሎ ጆንያው ላይ ረግቶ ተቀምጧል። ሰሌዳው እንዳይረበሽ እንባዬን እንኳ ሳልጠርግ አሥሩን ደቂቃ ጨረስኩ።

ኒውትሮኗ ዞረች። በአራተኛው ቀን በሪአክተሩ መለኪያ ላይ፣ ቀጥ ብለው ያለፉት ከሠሩት ትልቅ ነጥብ አጠገብ፣ ዘወር ያሉት የሠሯት ትንሽዬ ነጥብ ብቅ አለች፤ እኔም ሁለተኛ ተራ ጠይቄ ተሰጠኝ። ለእናቴ ስደውል ዘወር አለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለች አልኳት። እሰይ፣ አንተም ዘወር በል አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰሌዳ መሥራቱን አልተውኩም፤ እትዬ አጸደም በየወሩ አንድ ማክሰኞ አሥር ደቂቃ ማቆሙን አልተዉም። ባለፈው ጨርሼ ላመሰግን ስሄድ፣ አንድ እንግዳ ገበሬ ወፍጮው ለምን እንደቆመ ሲጠይቅ ደረስኩ። ወረፋው በአንድ አፍ መለሰለት።

«የዶክተሩ በዓል ነው። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ሰውየው ጆንያው ላይ ተቀመጠና ራሱን ነቀነቀ። «ኧረ በዓል በዛብን» አለ።

በዚህ ክርክር አንድ ጊዜ አሸንፌበታለሁና፣ ከኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ ሸለምኩት።