እትዬ ተናኘ እና የዙፋን ብርጭቆ

«እኔ ሰው አልለይም፤ ግን...» የምትል ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። ድንኳን ሳይተከል፣ ውኃ ሳይመጣ እሷ ቀድማ ትደርሳለች።

በሱዳን፣ በቱነይድባ የስደተኞች ሰፈር ይህን ሹመት የያዘችው ክብርት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናት፤ ሻይ ሻጭ። ጎረቤቷ ዙፋን ደግሞ ሸክላ ሠሪ ናት። ሸክላ ሠሪ፣ ያው እንደሚባለው፣ ቡዳ ናት፤ ዓይኗ ሰው ይበላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በብርጭቆ ሲጠጣ ዙፋን በሳልሳ ጣሳ ትጠጣ ነበር።

«ማክበሬ እኮ ነው» ትላታለች ተናኘወርቅ። «ከዚህ ሁሉ ሰው የራሱ ዕቃ ያለው ማነው? አንቺ ብቻ!»

ዙፋን አንገቷን ትደፋለች። የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነበር፤ እንደ ሰው ቁጭ ብሎ በብርጭቆ መጠጣት።

ከዚያ የሰፈሩ ኮሚቴ ደንብ አውጥቶ በወረቀት ለጠፈ። በዘር፣ በሃይማኖት፣ በሙያ ደንበኛ የለየ ሻይ ቤት ሳምንት ይዘጋል። ተናኘወርቅ ክንፉ የሚባለውን የቀን ሠራተኛ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበበችው፤ በሦስተኛው ይሻሻል ይሆናል ብላ።

በማግስቱ ዙፋን ብርጭቆ ተሰጣት። ግን ስኳሩ በነጠላ ተሸፈነ። የዘላቢያ ብስኩቱ ትሪ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ተናኘወርቅም አማተበች። ዙፋን ጠጥታ ስትነሳ ብርጭቆው በአመድ ታሸ፣ በሎሚ ታሸ፣ እንደገና በአመድ።

«እትዬ ተናኘ፣ ልታቀልጪው ነው?» አለ ክንፉ።

«እኔ ሰው አልለይም፤ ግን ንጽሕና እወዳለሁ!»

በሳምንቱ ዙፋን መረራት። «እትዬ፣ ጣሳዬን መልሺልኝ። ቢያንስ እሱን ማንም አይፈትገውም።»

«ቤቴን ልታዘጊብኝ ነው? ጠጪ! ደንብ ነው!»

ጠጣች። ወር አለፈ፣ ክረምት ገባ። እጅ መቼም ሰነፍ ነው፤ መጀመሪያ አመዱ ቀረ፣ ከዚያ ሎሚው። ነጠላውም ወደ ትከሻ ተመለሰ።

አንድ ቀን ከሾዋክ ከተማ የመጣ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሶፎኒያስ የሚባል መንገደኛ ሻይ አስቀዳ። ዙፋንን ሲያይ ወደ ተናኘወርቅ ጠጋ አለ። «ያቺ ሸክላ ሠሪ በምትጠጣበት አልጠጣም። ለሷ ሌላ ዕቃ የለሽም?»

«ደንቡ አይፈቅድም፣ ወንድሜ።»

«የቱ ደንብ? ወረቀቱን ዝናብ ወሰደው፤ ኮሚቴውም ተበትኗል አሉ።»

እውነቱን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዙፋን ብርጭቆዋን አስቀምጣ ልትሄድ ብድግ አለች።

«ቁጭ በይ አንቺ!» ጮኸች ተናኘወርቅ። ወደ መንገደኛው ዞረች። «ወረቀቱ ቢሄድ እኔ አለሁ። ካልፈለግህ መንገዱ ያውልህ።»

ሰውየው ሄደ። ተናኘወርቅ የሱን ሻይ አንስታ ዙፋን ፊት ደነቀረችው። «አየሽ፣ ደንበኛ አባረርሽብኝ! በይ የሱንም ጠጪ፤ ሻይ አይደፋም።»

ዙፋን ከግማሽ በላይ አልቻለችም። ተናኘወርቅ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ እግሯ ቁርጥማት ስታማርር፣ ስታማርር፣ ጉሮሮዋ ደረቀ መሰለኝ፤ እጇን ዘርግታ የተረፈውን ጭልጥ አደረገችው።

ዙፋን አየች።