በጆሮው የሚዳኘው ሻምፒዮን

ቤቱ ውስጥ አንዴ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ያለበት ቤት ሰላም የለውም። ሚስቱን ጠይቋት። ክቡር ሻምፒዮን በወጣትነቱ ከማማ ላይ ወደ ውሃ እየዘለለ ዋንጫ የለቀመ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ለፍጥረት ሁሉ ነጥብ ይሰጣል። ሚስቱ ድንች ድስት ውስጥ ስትከት፣ «ረጨሽ! አምስት ተኩል!» እንግዳ ሲቀመጥ፣ «ሶፋው ጮኸ፣ አራት።» የአጎቱ ሬሳ ሣጥን ጉድጓድ ሲወርድ እንኳ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታ በክርኗ ጎሸም አድርጋዋለች።

«ጥሩ ዘላይ ሲገባ ውሃው አይሰማም» ይላል፣ የጠየቀው ሳይኖር።

ሚስቱ ብቻ የምታውቀው ጉድ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ጭንቅላቱ ውሃ ሲመታ ኖሮ ዓይኑ ተጎድቷል፤ አሁን ከጥላ በቀር አያይም። ልጃቸው፣ እሷም ዘላይ፣ የምትኖረው ማሠልጠኛ ካምፕ ስለሆነ አላወቀችም።

«ብትነግሪያት ውርድ ከራሴ!» ይላታል ሚስቱን። «ከፈራች መዝለሉን እርግፍ አድርጋ ነው የምትተወው።»

የልጅቱ የመጀመሪያ ትልቅ ውድድር ቀን ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ወጣች» አለችው በሹክሹክታ። «ጫፉ ላይ ቆመች።»

ከዚያ እናት ዓይኗን ልጇ ላይ ተክላ መናገሩን ረሳችው። ልጅቱ ዘለለች፤ ውሃው ጭጭ። በዚያ ውድድር ነጥብ ሳይነገር አይጨበጨብም።

ሻምፒዮኑ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ ምንም የለም። ፈርታ ቀረች ብሎ ደመደመ። ለሬሳ እንኳ ነጥብ ከመስጠት የማይመለሰው ሰውዬ ብድግ ብሎ ወደ ባዶው ማማ ጮኸ፦

«አይዞሽ የኔ እናት! በደረጃው ውረጂ በቃ! መፍራት ነውር አይደለም!»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው። ሚስቱ ኮቱን ጎትታ አስቀመጠችው።

«ዘልላለች እኮ፣ አንተ ሰው!»

«መቼ?»

ልጅቱ ከገንዳው ብቅ ብላ አባቷን አየችው፣ ማማውን አየች፣ አባቷ እንደማያይ፣ ለምን እንደማያይም ገባት። ፊቷ ተለወጠ። ገና አንድ ዝላይ ይቀራታል። ልጅቱ ፎጣዋን አንስታ ወደ መውጫው በር ተመለከተች። ሻምፒዮኑ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁባት» ይላል። እናት ይህን ነዝናዛ ሰው ምን ያህል እንደምትወደው የዚያን ቀን ነው በደንብ ያወቀችው፤ እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

ልጅቱ ፎጣውን አስቀመጠች። ደረጃውን ወጣች። ጫፉ ላይ ቆማ፣ ዳኞቹ ምን ይሉኛል ሳትል፣ በሙሉ ድምፅዋ ተጣራች፦

«አባዬ! አሁን ልዘል ነው!»