አበባ ያሰርኩበት ክር

ከውሻ ጋር መንሸራሸር ለከተማ ሰው መዝናኛ ነው፤ መንዝ ላይ ግን ማብራሪያ ይጠይቃል። ሰው በግ እየነዳ ቢሄድ ገበያ ነው፤ በቅሎ ጭኖ ቢወጣ ሠርግ ወይ ለቅሶ ነው፤ ውሻ አስከትሎ ቢሄድስ ወዴት ነው? አደን እንዳይባል ጠመንጃ የለኝም፤ ጥበቃ እንዳይባል መንጋ የለኝም። እናም የመንዟ ሞላሌ ከተማ ለማስተማር በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ በመምህራን ግምገማ ላይ አንድ ባልደረባዬ እጁን አውጥቶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «መምህሩ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከውሻ ጋር ሲንከራተት ይታያል» የሚል ሂስ አቀረበብኝ። ያን ጊዜ ግምገማ ላይ የማይነሳ ነገር አልነበረምና አልተቀየምኩም። ሂሱን ዋጥኩ። በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ከውሻው ጋር ወጣሁ።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ ብዬ ብኩራራም የሚያስተምረው የፕላዝማው ቴሌቪዥን ነበር፤ የኔ ድርሻ መብራት ሲጠፋ ተማሪዎቹን ይቅርታ መጠየቅ ነው። ሙያዬ የሚታወሰኝ ሜዳ ስወጣ ብቻ ነበር፤ አበባ ሳይ፣ አሽኮኮ ከድንጋዩ ሥር አንገቷን ስታወጣ፣ ቀይ ቀበሮ ለፍልፈል ሲያደባ ሳይ። ውሻው ደግሞ የኔ አልነበረም። መከታ ይባላል፤ የአከራዬ የእትዬ አስካለ ባለቤት፣ የጋሽ መንገሻ ውሻ ነው። ለነገሩ እኔ ነኝ ይዤው የምወጣው እላለሁ እንጂ መንገዱን የሚመርጠው እሱ ነበር።

እትዬ አስካለ ክፍሏን ሲያከራዩኝ «ባለቤቴ መንገድ ወጥተዋል» አሉኝ። እኔም አዲስ አበባ ወይ መተማ ለሥራ የሄዱ መስሎኝ ዕቃዬን አስገባሁ። ወር ሳይሞላ ግን ነገሩን ከጎረቤት ሰማሁት። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ነሐሴ፣ ጋሽ መንገሻ የጠፋች በግ ሊፈልጉ ባናቸውን ተከናንበው፣ መከታን አስከትለው ወደ ላይኛው ሜዳ ወጡ። ባና ማለት መንዞች ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ወፍራም ልብስ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል፤ የእሳቸውን የፈተሉት እትዬ አስካለ ናቸው። በሦስተኛው ቀን መከታ እስከ ጆሮው ጭቃ ለብሶ ብቻውን ተመለሰ። አገሩ ወጥቶ አንድ ሳምንት ፈለገ፤ ገደሉን ወረደ፣ ጥንብ አንሳ ያንዣበበበትን ሁሉ አሰሰ። ምንም የለም። መከታም ሌት ተቀን እያላዘነ አልያዝ ስላለ አብዷል ተባለና በሰንሰለት ታሰረ።

አስከሬን ከሌለ ደግሞ ፍትሐት የለም። ተዝካር የለም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ደረት አይመታም። እትዬ አስካለ ሚስትም መበለትም ሳይሆኑ መሃል ላይ ቆመው ቀሩ። በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ምናልባት ቢመጡ ብለው፣ በራቸውን ሳይቀረቅሩ ነበር የሚተኙት።

ውሻውን ከሰንሰለቱ የፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። «መምህር፣ ብቻህን ከምትሄድ ይኸ ይከተልህ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ስመለስ በሩ ላይ ይጠብቁኛል፤ ሳልቀመጥም ይጠይቁኛል፦ «ዛሬስ ምን አየህ?»

ተማሪ የራበው መምህር ይህን ጥያቄ ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። ጭላዳዎቹ ዛሬ ስንት ግልገል እንደያዙ፣ ቀጋው ማበቡን፣ ቀበሮው በየት እንዳለፈ፣ ሁሉንም እዘረግፍላቸዋለሁ። እሳቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁ ነበር፤ «መከታ የት ቆመ?» እኔ ለውሻው የሚያስቡ ይመስለኝ ነበር።

መከታ የሚቆመው ሁሌ አንድ ቦታ ነው። ከሜዳው ጫፍ ሰባት ጅብራዎች አሉ። ጅብራን ለማታውቁ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ብቻውን ቀጥ ብሎ የሚቆም የደጋ ተክል ነው፤ በጉም ውስጥ ደግሞ ጋቢ የለበሰ ሰው ይመስላል። እዚያ አገር በጉም ውስጥ የሚመጣ ሰው ቀድሞ ጮክ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ዝም ብሎ የሚመጣ ሌባ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰባቱንም «እንደምን ዋላችሁ» እያልኩ ነበር የማልፈው። ያዩኝ ሳቁብኝ፤ እኔም ራሴ ላይ ስቄያለሁ። አንድ ቀን ግን፣ ጉሙ ከወትሮው ሲከብድ፣ ሰላም ብያቸው ሳልፍ ስቆጥራቸው ስምንት ሆኑብኝ። ተመልሼ ቆጠርኩ። ስምንት። ሦስተኛ ለመቁጠር ድፍረት አጣሁ። መከታ አልጮኸም፤ ጭራውን ነው የቆላው። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ሄጄ ስቆጥር ሰባት ናቸው፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከጅብራዎቹ ሥር ክረምት የናደው ዳገት ነበር። በመንዝ ክረምት የማይናድ ዳገት ስለሌለ ማንም ልብ አላለውም። መከታ እዚያ ሲደርስ አፍንጫውን አፈሩ ላይ ጥሎ ይተኛል። ብጠራው አይሰማኝም። በጎች ሲጠጉ ያባርራል፤ ቀይ ቀበሮው አጠገቡ ሲያልፍ ግን ቀና ብሎም አያየው። አንዳንዴ ወፉም ነፋሱም ጸጥ ይልና፣ እኔና እሱ ብቻችንን እዚያ ስንቀመጥ፣ ሦስተኛ ሰው ዝም ብሎ አብሮን የተቀመጠ ይመስለኛል። ፈርቻለሁ። ፈርቼም በማግስቱ እሄዳለሁ፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት ልማድ ይሆናል።

ዓመቱ ዞሮ መስከረም ጠባ። ሌላው ሜዳ ላይ ማገጥ የሚባለውን የግጦሽ ሣር በጎች ገና ሳያብብ ነው የሚግጡት፤ መከታ በሚጠብቀው ናዳ ላይ ግን ያልተነካ ማገጥ ወይን ጠጅ አበባውን ጥቅጥቅ አድርጎ አብቦ አገኘሁት። ደስታዬ ወሰን አጣ። አንድ እቅፍ ቆረጥኩ። የማስርበት ነገር ሳጣ፣ ፍልፈል ከጉድጓዱ ገፍቶ ባወጣው ለም አፈር ላይ አንድ ክንድ የሚሆን የሱፍ ክር አየሁ፤ ጥቁርና ቡናማ ፀጉር አብሮ የተገመደበት ጠንካራ ፈትል። አራገፍኩና አሰርኩበት። መከታ እጄን ሲያይ ቆይቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠራው ተነስቶ ከፊቴ ወደ ቤት ሄደ።

እትዬ አስካለ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ነበሩ።

«ዛሬስ ምን አየህ?»

«ዛሬ አይነገርም፣ ይኸው!» ብዬ፣ በሁለት እጄ፣ እየሳቅኩ ሰጠኋቸው።

አበባውን አላዩትም። ክሩን ፈቱት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል ቀስ አድርገው አሹት፤ ግምዱን ፈታ አደረጉት፤ መልሰው ገመዱት። እኔ በጅል ፈገግታዬ ቆሜያለሁ። በግ ፀጉሯን ፈትላ እንደማትለብስ አንድ የባዮሎጂ መምህር ሊያውቅ ይገባ ነበር።

«ይኸ የኔ እጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ባናውን የፈተልኩት እኔ ነኝ። ልጄ፣ መከታ የት ነበር የቆመው?»

ነገርኳቸው። ስነግራቸው ነው እኔም የሰማሁት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌና ቄስ ይመጣሉ፤ ዘመድ ቀድሞ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛዋን ደግፎ የሚይዝ ሰው ይመረጣል። እኔ ግን መርዶውን በቀን ብርሃን፣ ብቻዬን፣ በእቅፍ አበባ፣ እየሳቅኩ አመጣሁት። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለኝም።

በነጋታው ሰዎች አካፋ ይዘው ወጡ። ብዙ አልቆፈሩም፤ ባናው ቀድሞ ወጣ። ጋሽ መንገሻ ፍትሐት ተደርጎላቸው በደብሩ አረፉ። እትዬ አስካለ ጥቁር ለበሱ፤ ያን ማታ በራቸውን ሲቀረቅሩ ከክፍሌ ሆኜ ሰማሁ፤ አለቀስኩ።

ከአርባው በኋላ ይቅርታ ልጠይቃቸው ገባሁ። «አንተ ምን አጠፋህ?» አሉኝ። «አብዷል የተባለ ውሻ ተከትዬ እኔ ብወጣ፣ አስካለም አበደች ብለው ያስሩኝ ነበር። አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ ከውሻ ጋር ብትሄድ ማን ይገረማል?» የግምገማውን ነገር አልነገርኳቸውም።

መከታ ከቀብሩ ወዲህ ከደብሩ ቅጥር ሥር አልነሳ አለ። አሥር ሰዓት ሲሆን ብቻዬን ወጣሁ። ሰባቱን ጅብራ አልፌ፣ ሰላም ሳልል፣ ዞሬ ስመለስ እትዬ አስካለ በጥቁር ልብሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ዛሬስ ምን አየህ?»

ክው አልኩ። ፊቴን አይተው እጄን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ፤ አሁን የጠየቅሁህ ስለ አበባው ነው።»

ላስታውስ ሞከርኩ። ያለ ውሻው ምንም አላየሁም ነበር።